ሐይቅ ዳር የታጠቡት ፍራሾች

ውድ ምስክር፣

እናትህ በሕይወት አሉ። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ አንብበው።

ሰላምታ ያላስቀደምኩት ብልግና ይዞኝ አይደለም። ስልክህን ዘግተህ ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ ተደብቀህ ምን ምን እያሰብክ እንደምትውል ስለማውቅ፣ በዚህ በኩል እንኳን ልብህ ይረፍ ብዬ ነው። እናትህ አሉ፤ ሁለቱም እጆቻቸው ግን ተቃጥለዋል። ይህን ስጽፍልህ ሐይቅ ከተማ፣ ቤታችሁ ውስጥ ነኝ። እሳቸው በር ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው የጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ። በፋሻ የታሰሩትን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ማንን እንደሚጠብቁ አይናገሩም፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

የምጽፍልህ በእሑድ ምክንያት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የግሸን ማኅበራቸው ይሰበሰባል። እናትህን ከሙሴነት ሊያወርዷቸው ነው። አባትህ ከሞቱ ወዲህ ያንን ማኅበር የመሩት፣ ድግሱን ያሰናዱት፣ የታመመውን የጠየቁት፣ የተጣላውን ያስታረቁት እሳቸው እንደሆኑ ከኔ በላይ ታውቃለህ። መውረዱስ ይሁን፤ ሹመት ድሮም ይሻራል። የከፋው ሌላ ነው። ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ይዟል። «ሙሉአለም የሰጠችውን ስለት በገዛ አፏ መልሳ ወሰደች፤ እመቤታችንም እዚያው በእሳት መለሰችላት» ነው የሚባለው። ይህን ወሬ ማጥፋት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔ አይደለሁም። ለምን እኔ እንዳልሆንኩ ስትደርስበት ታየዋለህ።

አደጋው በተሰማ ማግስት አንዲት መልእክት ልከህልኝ ነበር፤ አሁንም ስልኬ ላይ አለች። «እማዬ ተረፈች? ስለ ዳፑ ለማንም እንዳትናገሪ።» መልሴን እንኳን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋህ። ወላሂ ምስክር፣ የመጀመሪያውን ሳነብ አለቀስኩልህ፤ ሁለተኛውን ሳነብ ግን ስልኩን ከግድግዳው ጋር ላላትመው እጄን አንስቼ ነበር። ጭስ ውጬ ድምፄ ተዘግቶ፣ ደሴ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የእናትህን መጠራት ስጠብቅ፣ አንተን ያስጨነቀህ ማዳበሪያው ነበር።

እስቲ ከሥሩ ልጀምርልህ። የማታውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። የሚያውቁትን ነገር ሌላ ሰው ሲናገረው ነው ጆሮ የሚገባው።

ኮሌጅ ጨርሰን ሥራ አጥተን የፍራሽ ቤቱን ስንከፍት የሐይቅ ሰው ስቆብን ነበር። «ኬሚስትሪ ተምረው ስፖንጅ ቆራጭ ሆኑ» ይሉን ነበር። አንተ ትቆርጣለህ፣ እኔ ልብሱን እሰፋለሁ፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ከዚያ ውጫሌ ያች የኪራይ ቤት ነደደችና አንዲት እናት ከነልጇ በስፖንጅ ጭስ ታፍና ሞተች። ፍራሹ ከኛ ቤት የወጣ አልነበረም። አንተ ግን «ከኛ ቢሆንስ?» እያልክ እህል አልወርድልህ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ አንተን የወደድኩህ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ጓደኛዬ ብቻ ነበርክ።

መጻሕፍቱን እንደገና አገላበጥን። ተራ ስፖንጅ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን ሁለታችንም ተምረነዋል፤ ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ ሰውን ከእሳቱ ቀድሞ ይገድላል። ፎስፈረስ የገባበት ግን እንዲህ አይሆንም። ሲሞቅ ፎስፈረሱ አሲድ ይሆንና የስፖንጁን ገጽ ወደ ከሰል ይለውጠዋል። ከሰሉ እንደ ቁስል ቅርፊት ሸፍኖ ይይዘዋል፤ እሳቱም የሚበላው ያጣና ይሞታል። ችግሩ፣ ፎስፈረሱ ከየት ይምጣ? ለዚህ ሥራ ተብሎ ከውጭ የሚገባውን ፈሳሽ ለኛ ቢጤ የሚሸጥ ጠፋ። ነጋዴ ጋ ስንመላለስ ከርመን አንድ ቀን መቀሱን ጥለህ፣ «ዳፕ እኮ ፎስፌት ነው» አልክ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዳፕ።

በበርሜል አሟሟነው፣ በሻሽ አጠለልነው፣ ስፖንጁን በጣውላ እየደፈቅን አጠጣነው፣ ጨምቀን ጥላ ላይ አደረቅነው። አንድ ትንሽ ቁራጭ ውጫሌ ገበያ መሀል በክብሪት ስትለኩስ ስፖንጁ ጠቆረ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ጠፋ። ደግመህ ለኮስክ፤ ደግሞ ጠፋ። ሰው «አጃኢብ» አለ። እናትህ እልልታቸውን ለቀቁት፤ «ልጄ እሳት የማይበላው ፍራሽ ሠራ» እያሉ ያላዞሩበት ቤት የለም።

ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ያጠጣነው ጨው ነው። ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ እንጂ ከስፖንጁ ጋር አልተዋሐደም፤ ውኃ ካገኘው ተነሥቶ ይሄዳል። አንተ ስፖንጅ ፋብሪካ የገባኸውም ለዚሁ ነው፤ ስፖንጁ ገና ፈሳሽ ሳለ ፎስፈረሱን ቀላቅለህበት አብሮ እንዲረጋ፣ ቢታጠብም ባይታጠብም እስኪያረጅ እንዳይለቀው። እስከዚያው ለገዛን ሁሉ «ልብሱን አውልቃችሁ እጠቡ፣ ስፖንጁን ውኃ አታስነኩት» እያልን ነበር የምንሸጠው። ለሁሉም ተናግረናል። ያልተነገራቸው እናትህ ብቻ ናቸው።

ለምን እንዳልተነገራቸው ታስታውሳለህ። «ለምን አይታጠብም?» ይላሉ። ያን ከመለስክ «ውስጡ ምን አለ?» ይላሉ። በዚያው ክረምት ደግሞ ወንድምህ አምባሰል ባለው የአባታችሁ ማሳ ላይ ዳፕ አጥቶ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ቀርቶበታል። እናትህ ማዳበሪያ ፍለጋ ወረፋ ቆመው ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው የተመለሱበት ክረምት ነው። አንተ ያንኑ ዳፕ ከነጋዴ ገዝተህ ጓሮ ውስጥ በበርሜል ትበጠብጣለህ። እኔ «ንገራቸው» አልኩህ። «ትቆጣለች፤ እማዬ ስትቆጣ አታውቂያትም» አልክ። ደግሜ ስነግርህ ደግሞ ቁጣህን ወደኔ አዞርከው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ነው ነገሩ።

ከዚያ ስለታቸው መጣ። ያ ክፉ ታይፎይድ ይዞህ የተኛህ ጊዜ፣ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ደጅሽ የሚመጡትን አቅመ ደካሞች ከመሬት አነሣልሻለሁ» ብለው ተስለው ኖሮ፣ ፍራሾቹን ለማኅበሩ አዳራሽ ሰጡ። ከግሸን ተራራ ሥር፣ አውቶብስ ከሚቆምበት ከፍ ብሎ ያለውን የቆርቆሮ አዳራሽ ማለቴ ነው፤ ተራራውን ሌሊት መውጣት የማይችሉት የሚያርፉበት። ስለቱ ያንተው ነው፣ ምስክር። ያንተን ነፍስ ነበር የሚከፍሉት። «ምን አድርገህበት ነው እንዲህ እሳት የማይበላው?» ብለው ሲጠይቁህ እኔ እዚያው ክር እያስገባሁ ነበር። «አይበላውም አልኩሽ፣ እማዬ፤ ሌላውን ተይው» አልካቸው። ተዉት። ልጃቸው ነህና አመኑህ።

መስከረም ሃያ፣ የግሸን ዋዜማ ዕለት ጠዋት፣ ከደሴ ጨርቅ ይዤ ገባሁ። ሱቁን ሳልከፍት ጎረቤታችሁ እየሩስ መጣች። ከፍራሾቹ አንዱ ጥጉ ተቀዶ ኖሮ የወለቀውን ቁራጭ ይዛልኝ መጥታለች፤ ትራስ አድርጊልኝ ብላ። ሰዉ ሁሉ ከነፍራሾቹ ማለዳውን ወደ ግሸን እንደተጫነ፣ እሷ ግን ልጇ ታማባት እንደቀረች ትነግረኛለች። እያወራች ቁራጩን ሰጠችኝ፤ ልስፋበት ስገለብጠው አንድ ነገር ጎደለኝ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሽታው የለም። ያ አንተና እኔ ከልብሳችን አልለቅ ያለን የዳፕ ሽታ የለም።

«ምን አደረጋችሁት?» አልኳት።

እየሩስ ምስኪን በኩራት ነው የነገረችኝ። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ ቅዳሜ ዕለት ፍራሾቹን ሐይቁ ዳር አውርደው፣ ልብሳቸውን ገፈው፣ እንደ ጋቢ እየረገጡ አጥበዋቸዋል። ለእመቤታችን የሚገባ ስለት እንዴት የከብት ሽንት እየሸተተ ይሄዳል ብለው። እንዲያውም አንዷ ሴት «ኧረ አይታጠብም ይላሉ፣ ይበላሻል» ብላ ስትፈራ፣ እናትህ ስቀው «እሳት ያልበላውን ውኃ ምን ያደርገዋል?» አሉ አለችኝ። ጥሩ አድርጎ ነጣ፣ ሣሩ ላይ ደረቀ፣ ሽታውም ድራሹ ጠፋ አለችኝ።

ቁራጩን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ደጅ አውጥቼ በክብሪት ነካሁት። ባንዴ ተንቦገቦገ። አረንጓዴ ሣር ላይ እየነደደ ተንጠባጠበ። እየሩስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ላንተ ደወልኩ፤ አይነሣም። ለእናትህ ደወልኩ፤ እዚያ ተራራ ሥር ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ደወልኩ። ግማሹን ቁራጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝኩ።

የውጫሌው መንገድ እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ከውጫሌ የምእመናኑን አውቶብስ ተለምኜ ተሳፈርኩ። ከበሮ እየተመታ፣ እየተዘመረ፣ እኔ በሻሼ መሀላቸው ቆሜ በሆዴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እላለሁ። ማንም ምን ትሠራለች ያለኝ የለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ከወንበራቸው ተጠግተው «ቁጭ በይ ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉኝ። አንድ ቦታ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘጋ። ሰው ወርዶ ጥላ ያዘ፣ ቆሎ ያወጣም ነበር። እኔ ፀሐይዋን ነበር የማየው። የዋዜማ ሰው ጧፉን የሚለኩሰው ስትጠልቅ መሆኑን አውቃለሁና።

አዳራሹ ስደርስ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ደርሰህ አይተኸው አታውቅም፤ በሩ አንድ ነው፤ መስኮቶቹ ከሰው ራስ በላይ ናቸው። ፍራሾቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እግር ማሳረፊያ ሳይተርፍ ተዘርግተዋል። ላያቸው ላይ ሽማግሌዎች አሉ፣ ዓይነ ስውራን አሉ፣ ጡት የሚያጠቡ እናቶች አሉ። አንዳንዱ ጧፉን ለኩሶ በእጁ ይዞ ይጸልያል፤ አንዳንዱ በጠብታው ግድግዳው ሥር አጣብቆታል፤ ጥግ ያሉ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ሰክተው ፍራሹ ላይ አስቀምጠውታል። «እሳት» ብዬ ብጮህ እሳት ሳይነሣ የኔው ጩኸት ሰው ይጨርሳል። ያን ሁሉ ደካማ በአንድ በር ማን ሊያወጣው? ዝም ብል ደግሞ አንዲት ጧፍ መውደቋ ነው የቀረው።

በሩ ላይ የማኅበሩ ሥርዓት አስከባሪ ጋሽ ቢያድግልኝ ነበሩ። ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ፤ አንተን አንድ ነገር ያገኘህ ነው የመሰላቸው። ደኅና ነው፣ እማማ ሙሉን ብቻ ጥሩልኝ አልኳቸው። እናትህ ዳቦ ያድሉ ነበር። «ምራቴ መጣች» ብለው እየሳቁ ወጡ፤ ሁልጊዜ እንደሚቀልዱት። እጃቸውን ይዤ ከአዳራሹ ጀርባ ወሰድኳቸው።

ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ልጄ አይዋሸኝም፣ አንቺ ደሞ መንገድ አድክሞሽ ነው አሉኝ። ቁራጩን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ለኮስኩት። ነዶ እስኪያልቅ ቆመው አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ምን ነበር የነበረበት?»

«ዳፕ ነው፣ እማማ። ውኃው ወሰደው።»

«በእግሬ እየረገጥኩ፣ እየዘመርኩ ነው ያጠብኩት» አሉ። ስለ ወንድምህ ማሳ አላነሡም። አንተን አልረገሙም። መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉና፣ «ከእንግዲህ አንቺ ምንም አልነገርሽኝም፤ ገባሽ?» ብለውኝ ገቡ።

አዳራሹ መሀል ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሰው ግን ዝም አለላቸው። ዛሬ ከእመቤቴ ደጅ መጥቼ ስፖንጅ ላይ አልተኛም፣ መሬት ነው የምተኛው አሉ። የሚወደኝ ሁሉ ጧፉን ለጊዜው ያጥፋ፣ ፍራሹን ወደ ደጅ እናውጣ፣ ሣር ጎዝጉዘን አብረን መሬት እንውረድ አሉ። በዋዜማ ለበረከት ብሎ መሬት መተኛት የነበረ ነውና ሴቶቹ ወዲያው ተነሡ። በር አካባቢ ያሉት ማውጣት ጀመሩ። ጋሽ ቢያድግልኝ ግን ተቆጡ። ለአቅመ ደካማ የተሰጠ ነው፤ መሬቱ ብርድ ነው፤ ደግሞስ ለማርያም የገባ ስለት ይነሣል ወይ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሳያውቁ ምን ይበሉ። እናትህ ፍራሽ እየጎተቱ ሳይዞሩ መለሱላቸው።

«የራሴ ስለት ነው። እኔው ሰጠሁ፣ እኔው አነሣለሁ።»

ዛሬ ሐይቅ ላይ ሰው ሁሉ የያዘባቸው ይህችን ቃል ነው። ይህን ባሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው እሳቱ የተነሣው።

አብዛኛው ሰው ወጥቶ ነበር፣ አልሀምዱሊላህ። ጥጉ ላይ ያሉት ዓይነ ስውር አሮጊት ጧፋቸው መብራቱን ረስተውት ይሁን አልሰሙ እንጃ፣ አንዲት ሴት ከአጠገባቸው ያለውን ፍራሽ ስትስብ ጣሳው ተገለበጠ። እሳቱ የፍራሹን ልብስ ላሰና ስፖንጁ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው ወጣ። ጥቁር ጭስ ተመልሶ ወደ ራሳችን ወረደ። እኔ አሮጊቷን አቀፍኳቸው። በሚነደውና በበሩ መሀል ገና ያልወጡ ፍራሾች ነበሩ። እነሱ ቢያያዙ ውስጥ የቀረነው ሁሉ አብቅቶልናል። እናትህ አዩት። እኔን «ሴትዮዋን ይዘሽ ውጪ» አሉና የሚነደውን ፍራሽ በሁለት እጃቸው ባልነደደው ጫፍ በኩል ይዘው፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ እስከ በሩ ጎተቱት። ጫፉም ነዶ እጃቸው ላይ ቀለጠ። አልለቀቁም። ደጅ አውጥተው ከድንጋዩ ላይ ሲጥሉት ስፖንጁ ከመዳፋቸው አልላቀቅ ብሎ ተከተላቸው።

ሰው አልሞተም። እስከ ማታ ቆጥረናል፤ አንድም ሰው አልጎደለም። ያን ጊዜ እናትህ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ሰው እየጠየቃቸው ዝም ብለው ነበር።

ደሴ ወስጄ አሳከምኳቸው። ቀኙ እስከ አንጓው፣ ግራው ከዚያም በላይ ነው። ሐኪሙ የግራ ጣቶቻቸው እንደቀድሞው አይታጠፉም አለ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ። እኔ አጎርሳቸዋለሁ፣ እኔ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፣ እኔ ነጠላቸውን አለብሳቸዋለሁ። ሲያማትቡ ጣቶቻቸው በፋሻ ስለታሰሩ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወሬው ሲመጣ ልቤ ነደደ። ጋሽ ቢያድግልኝና ሴቶቹ ጋ ሄጄ አፍርጬ ልነግራቸው ተነሣሁ። እናትህ በር ላይ ቆሙብኝ። «ልጄን ሐይቅ ላይ ሌባ እንዲሉት አልፈልግም። ገበሬው ያጣውን ዳፕ ለፍራሽ አጠጣ ይሉታል። ወላሂ ብለሽ ማይልኝ» አሉ። አልምልም አልኩ። የቆሰለ እጃቸውን አንሥተው በሩን ሊገፉ፣ እኔን ሊያስቆሙኝ ሲሞክሩ ጊዜ ምን ላድርግ? ማልኩ። እስላም ነኝ፣ ማልኩ ማለት ማልኩ ነው። ይኸው አፌ ተዘግቷል። አንተ ቀድመህ የምታውቀውን ለአንተ መጻፍ መሐላ ማፍረስ አይደለም፤ ይህንንም አስቤበታለሁ።

ሰው ቢያማቸው እችለው ነበር፣ ምስክር። የማልችለው ሌላ ነው። ትናንት ገንፎ ሳጎርሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቆዩና፣ «እውነት አልተቀበለችኝ ይሆን?» አሉኝ። ዳፕ መሆኑን ያውቃሉ። ውኃው እንደወሰደው ያውቃሉ፣ በዓይናቸው አይተዋል። ግን ሐይቅ ሙሉ ሰው እያለ እየደጋገመው ሲሄድ የገዛ ልባቸው ከሰዉ ጋር አበረባቸው። ያን ሁሉ ሰው ያወጡት እኚህ ሴት፣ እመቤቴ ፊቷን አዞረችብኝ ብለው ይሠቃያሉ። እኔ «አብሽሩ እማማ» እላለሁ። የኔ አብሽሩ ምን ሊጠቅማቸው። አንድ ጊዜ ማኅበሩ ፊት «ዳፕ ነበረበት፣ እኔ ደብቄያት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ሰው ልታድን ነው ያነሣችው» ብሎ የሚናገር ሰው ነው የሚጠቅማቸው። ሌባ ቢሉህስ? ዳፑን በገንዘብህ ገዛህ እንጂ አልሰረቅክ። ቢሰድቡህ ትሰደባለህ። ስድብ እጅ አያቃጥልም።

መናኸሪያ ስሸኝህ «ትጠብቂኛለሽ ወይ?» ብለኸኝ ዝም ብዬህ ነበር። ሰው ስለነበረ አፍሬ ነው። እወድሃለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ አላፍርም። ያቺን ሴትና ልጇን ሳታውቃቸው ያዘንክላቸውን ልጅ አሁንም እወደዋለሁ። ነገር ግን የእናቱን ቁጣ ፈርቶ የሚዋሽ ሰው ነገ የኔንም ፈርቶ ይዋሸኛል። እኔ ደግሞ ስቆጣ ታውቀኛለህ።

ደብዳቤውን የእየሩስ ባል እጅ በእጅ ያደርስልሃል፤ በፋብሪካችሁ በኩል ነው የሚያልፈው። አብሮ የሚረጋውን ስፖንጅ ሠርተህ ከሆነ ቁራጭ ይዘህ ና፤ ሐይቁ ውስጥ ነክረን፣ አድርቀን፣ ሴቶቹ ፊት እንለኩሰዋለን። ካልሠራህም ባዶ እጅህን ና።

አሁን እናትህ ስጽፍ አዩኝ። «ለሱ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ስለ እሑድ እንዳልጽፍብህ ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልከለከሉኝም። እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አሉ፤ እንዳሉት ነው የጻፍኩት፦

«ዳፕ ነው ብትለኝ እቆጣህ ነበር። አዎ፣ አላናግርህም ነበር። ተቆጥቼ ግን አላጥበውም ነበር።»

እስከ እሑድ ደኅና ሰንብት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰላምታ በአፌ ነው የምሰጥህ፣ ከመጣህ።

ዙለይሃ
ሐይቅ፣ ከእናትህ ቤት